ከጎረቤት ተጫዋች ጋር ድንበር መካለል፦ ከመጀመሪያው መልእክት እስከ ዕርቁ

ብዙ ሰው በአንድ ካርታ ላይ በሚጫወትበት የስትራቴጂ ጌም ውስጥ ተጫዋች የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ከጎረቤቱ ጋር ለአንዲት ኮረብታ ሲናከስ ነው። ሁለቱ ወታደር ያመርታሉ፣ ወታደሩ ያልቃል፣ እንደገና ያመርታሉ። ካርታው ማዶ ያለው ሦስተኛ ሰው ግን በሰላም ከተማ ይሠራል፣ ምርምሩን ይገፋል። ከ50 ተራ በኋላ ማን እንደሚቀድም ለመናገር ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

የድንበር ድርድር ከጦር ስልት እኩል መለማመድ ያለበት ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። እዚህ የማስቀምጠው እኔ የምከተለውን ቅደም ተከተል ነው። ምሳሌዎቹን በብዛት የወሰድኩት ከሁለት ጨዋታዎች ነው። አንዱ አለን ካልሃመር የፈጠረው፣ በ1959 እ.ኤ.አ. ለገበያ የወጣውና ዛሬ በኢንተርኔትም የሚጫወቱት ዲፕሎማሲ የተባለው የሰሌዳ ጨዋታ ነው። ሌላው ሲቪላይዜሽን 6 የተባለው የኮምፒውተር ጌም ነው። በመጀመሪያው ላይ ቃልን የሚያስከብር ምንም ነገር የለም፤ ሁሉም ትዕዛዙን በምስጢር ይጽፋል፣ ባንድ ጊዜ ይገለጣል፣ ያኔ ማን እንደዋሸ ይታያል። በሁለተኛው ላይ ጨዋታው ራሱ አንዳንዱን ውል ያስከብራል። እናንተ የምትጫወቱት ሌላ ቢሆንም ከሁለቱ ወደ አንዱ ያደላል።

1. ጨዋታው የሚጠብቅላችሁን ከማይጠብቅላችሁ ለዩ

ከመደራደራችሁ በፊት ይሄን ጥያቄ መልሱ፦ ጎረቤቴ ቃሉን ቢያጥፍ ሲስተሙ ያግደዋል ወይስ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል?

ሲቪላይዜሽን 6 ላይ በመደበኛ ፍጥነት የወዳጅነት መግለጫ ለ30 ተራ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ ጦርነት ማወጅ አይችልም። ይሄ ጨዋታው ራሱ የሚጠብቀው ነው። «ከዚህ ወንዝ ወዲህ ከተማ አትሥራ» የሚለውን ግን ማንም አይጠብቅላችሁም። ጨዋታው ስለ ርቀት የሚያውቀው ሕግ አንድ ነው፦ በሁለት ከተሞች መካከል ቢያንስ 3 ሄክስ (ካርታው የተከፋፈለበት ባለስድስት ጎን ቁራጭ) ክፍት መሆን አለበት። ከዚያ ውጪ ያለው ሁሉ በናንተ መካከል የሚቀር ነው።

ድንበር የሚዘጋውም ከጨዋታው መጀመሪያ አንስቶ አይደለም። ኧርሊ ኢምፓየር የተባለውን ሲቪክ (በባህል የሚገኝ የዕድገት ደረጃ) እስክትጨርሱ ድረስ የማንም ጦር ግዛታችሁን አቋርጦ ያልፋል። ይሄን የማያውቅ ሰው ስካውት (ካርታ አሳሽ) ሲያይ «ወረሩኝ!» ብሎ ይጮኻል፣ ከዚያ በከንቱ ጠብ ይጀመራል። ሚሲዮናዊን ደግሞ የተዘጋ ድንበርም አያቆመውም። ስለዚህ «ጦር አይለፍ» የሚል ውል ብቻ ካላችሁ፣ ጎረቤታችሁ ውሉን ሳይጥስ ከተሞቻችሁን ወደ ራሱ ሃይማኖት ሊለውጥ ይችላል።

ስቴላሪስ በተባለው የጠፈር ጌም አንድ የኮከብ ሥርዓት የማን እንደሆነ የሚወስነው እዚያ ያለው የጠፈር ጣቢያ ነው። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ድንበር መካለል ማለት ማን የት ጣቢያ ይሠራል ብሎ መስማማት ነው። ካርታ ላይ መስመር ማስመር ብቻውን ዋጋ የለውም።

2. ጠብ የሚነሳባቸውን ቦታዎች አስቀድማችሁ ቁጠሩ

ድንበር ሁሉ እኩል አያጣላም። አብዛኛው ጫካና በረሃ ነው፣ ማንም አይፈልገውም። የሚያጣሉት ሁለት ሦስት ቦታዎች ናቸው፤ እነሱን በስም ማወቅ አለባችሁ። አንድ ቦታ አደገኛ የሚሆነው እዚያ የቆመ ጦር በሚቀጥለው ተራ ዋና ከተማን ወይም የገቢ ምንጭን መንካት ከቻለ ነው።

እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ አገር የሚይዝበት የዲፕሎማሲ የአውሮፓ ካርታ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ጥቁር ባሕር በአንድ በኩል የሩሲያን ሴቫስቶፖልን፣ በሌላ በኩል የቱርክን አንካራንና ቁስጥንጥንያን ይነካል። ጋሊሺያ ቪየናን፣ ቡዳፔስትንና ዋርሶን ይነካል። የእንግሊዝ ቻነል ለንደንንም ብሬስትንም ያስፈራራል። ቡርጎንዲ ደግሞ ፓሪስን፣ ማርሴይንና ሙኒክን። የጣሊያን ቬኒስና የኦስትሪያ ትሪዬስቴ ጭራሽ በመሃላቸው ባዶ ቦታ የላቸውም፣ ግድግዳ ይጋራሉ። ሁለቱ አገሮች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጎሪጥ የሚተያዩት ለዚህ ነው።

በራሳችሁ ካርታ ላይ ይሄንኑ አድርጉ። ተራራ መሃል ያለ ጠባብ መተላለፊያ፣ ሁለት ባሕር የሚያገናኝ ቦታ፣ ብርቅ ማዕድን ያለበት ሄክስ። ጻፏቸው። ከአምስት በላይ ከሆኑ አብዝታችኋል፤ ሰው አምስት ነገር ላይ ባንድ ጊዜ አይስማማም።

3. መሬቱ ባዶ ሳለ መልእክት ላኩ

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። አንድ ቦታ ላይ ገና ማንም ሳይሠራ መስማማት ቀላል ነው፤ ማንም ምንም አያጣም። ከተማ ከተሠራበት በኋላ ግን አንዱ «አፍርስ» ሊባል ነው። እሺ የሚል ሰው የለም።

መልእክቱ ራሱ ብዙ ይወስናል። ይሄን ተመልከቱ፦

«ሰላም ወንድሜ፣ ካልነካኸኝ አልነካህም፣ እሺ?»

ይሄ ምንም አይልም። መንካት ምንድን ነው? የት? እስከ መቼ? የተቀበለው ሰው «እሺ» ይላል፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ትርጉም ይዘው ይሄዳሉ። አሁን ዲፕሎማሲ ላይ ሩሲያን የያዘ ተጫዋች ለቱርክ የጻፈውን ይሄን እዩ (1901 ጸደይ የጨዋታው የመጀመሪያ ተራ ነው)፦

«ሰላም፣ ሩሲያን ይዤያለሁ። በ1901 ጸደይ ሁለታችንም መርከባችንን ወደ ጥቁር ባሕር እንዘዝና ማንም ሳይገባ ይቅር። ሩማኒያን እኔ ልውሰድ፣ ቡልጋሪያን አንተ። አርመንያ ጦር እንዳታስገባ እፈልጋለሁ፤ እኔም በምላሹ ሴቫስቶፖል ላይ ሁለተኛ መርከብ አልሠራም። የማይመችህ ነገር ካለ ንገረኝ።»

ቦታው በስም ተጠርቷል። ጊዜው ታውቋል። የሚፈልገውንም የሚሰጠውንም ተናግሯል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌላው እንዲናገር በር ከፍቷል። መልሱ «አርመንያ ላይ አልስማማም» ቢሆን እንኳ ትልቅ ነገር አወቃችሁ ማለት ነው። ጭራሽ የማይመልስ ጎረቤት ካጋጠማችሁ ደግሞ ያንኑ ዝምታ እንደ መልስ ቁጠሩትና ድንበሩን ማጠናከር ጀምሩ።

4. ውሉን የጣሰ ሰው ራሱ እንዲጎዳ አድርጋችሁ ሥሩ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ። ጥሩ የድንበር ውል ማለት ያጠፈው ሰው የሚከስርበት ነው። መጥፎ ውል ማለት ያከበረው ሰው የሚከስርበት ነው። የጎረቤታችሁን ጠባይ ለመገመት ከመድከም ውሉን በዚህ ሚዛን መመዘን ይሻላል።

ወደ ጥቁር ባሕር እንመለስ። ሁለት ዓይነት ስምምነት ማድረግ ይቻላል። አንደኛው «ሁለታችንም አንገባም» ነው፣ ከጦር ነፃ ቀጠና ማለት ነው። ሁለተኛው ከላይ ያየነው ነው፦ ሁለታችንም እንገባለን ብለን እናዝዛለን። እኩል ኃይል ያላቸው ሁለት ጦሮች ወደ አንድ ቦታ ከሄዱ ሁለቱም ባሉበት ይቀራሉ። ውጤቱ በሁለቱም ያው ነው፣ ባሕሩ ባዶ ይቀራል።

ልዩነቱ የሚታየው አንዱ ሲዋሽ ነው። በመጀመሪያው ስምምነት እኔ ቃሌን ጠብቄ ከቀረሁና አንተ ከገባህ፣ ባሕሩ ያንተ ሆነ፣ እኔ አለቀልኝ። በሁለተኛው ግን እኔ ቃሌን ጠብቄ ወደ ባሕሩ ካዘዝኩና አንተ መርከብህን ወደ ሌላ ቦታ ከላክህ፣ ባሕሩ ውስጥ የምገኘው እኔ ነኝ። አታላዩ በገዛ እጁ በሩን ከፈተ። በመጀመሪያው ተራ ሁለቱም አገሮች በአካባቢው ያላቸው መርከብ አንድ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ የእግር ጦር ደግሞ ወደ ባሕር ድጋፍ መስጠት (ሳይንቀሳቀስ ኃይሉን ለሌላ ጦር መጨመር) ስለማይችል፣ ማንም በኃይል በልጦ መግባት አይችልም። ዋጋው ሁለቱም መርከቦች አንድ ተራ ማባከናቸው ነው። ይሄ ተገቢ ዋጋ ነው። የሩሲያው ተጫዋች ስለ ሁለተኛ መርከብ ለምን ቃል እንደገባም አሁን ይገባችኋል፤ ሁለተኛው መርከብ በድጋፍ ሚዛኑን ይሰብራል።

ያንኑ ዘዴ ግን ጋሊሺያ ላይ ዝም ብላችሁ ከደገማችሁት ጉድ ይፈላል። ኦስትሪያ ቪየናና ቡዳፔስት ላይ ያሏት ሁለቱም ጦሮች ጋሊሺያን ይነካሉ። ሩሲያ ግን በመጀመሪያው ተራ የሚነካ ያላት የዋርሶው ብቻ ነው፣ የሞስኮው አይደርስም። «ሁለታችንም እንዘዝ» ብላችሁ ኦስትሪያ አንዱን ጦር በሌላው ካስደገፈች ሁለት ለአንድ ትገባለች። የስምምነቱ ቃል ያው ሆኖ መልክዓ ምድሩ ትርጉሙን ገለበጠው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት እጃችሁን ካርታው ላይ አድርጉና «እሱ ቢዋሽ ምን አገኛለሁ፣ ምን አጣለሁ?» ብላችሁ ቁጠሩ።

ሲቪላይዜሽን 6 ላይም ይሄው ሐሳብ ይሠራል፣ መልኩ ብቻ ይለያል። ጎረቤታችሁ መተላለፊያውን እንዳይይዝ ወርቅ ልትሰጡት ከሆነ ባንዴ አትስጡት። በየተራው የሚደርሰው አድርጉት። ጦርነት ሲታወጅ በየተራው የሚሄደው ክፍያ ይቆማል፣ ስለዚህ ሊወጋችሁ ሲያስብ መጀመሪያ የሚቆረጠው የራሱ ገቢ ነው። ሙሉውን በጥሬው የተቀበለ ሰው ግን የሚያጣው ነገር የለም። እንዲያውም በሰጣችሁት ወርቅ ጦር ገዝቶ ሊመጣባችሁ ይችላል።

5. በጽሑፍ አስቀምጡት፣ በቁጥር

በድምፅ አውርታችሁ ከተስማማችሁ እንኳ ወዲያው በቻት ጻፉት። ረጅም አይሁን። የሚከለከለው ቦታ፣ የሚከለከለው ነገር፣ የሚያበቃበት ተራ፣ ከመውጣት በፊት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ፣ በስህተት ቢጣስ የሚደረገው። እንዲህ፦

«ከታላቁ ሐይቅ በስተምሥራቅ እኔ፣ በስተምዕራብ አንተ ከተማ እንሠራለን። በሐይቁና በተራራው መካከል ባለው መተላለፊያ ማንም ተዋጊ ጦር አያቆምም፤ ስካውት፣ ሠራተኛና ነጋዴ ማለፍ ይችላሉ፣ ሚሲዮናዊ አይችልም። እስከ ተራ 120 ይጸናል። መውጣት የፈለገ ከ5 ተራ በፊት ይናገራል። በስህተት የገባ ጦር በ2 ተራ ውስጥ ይወጣል።»

ለመጻፍ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። የካርታውን ስክሪንሾት አንሡና መስመሩን በቀለም አስምራችሁ አያይዙት፤ «ምሥራቅ» የሚለው ቃል ላይ እንኳ ሰው ሲጨቃጨቅ ይውላል።

ስለ ማብቂያው ተራ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው «ለዘላለም» የሚል ውል ደስ ይለዋል፣ ወዳጅነት ይመስለዋል። እኔ በጣም አልወደውም። አንድ አሸናፊ ብቻ ባለበት ጨዋታ ላይ ዘላለም የሚባል የለም፣ ሁለቱም ያውቁታል። ስለዚህ ውሉ የሚፈርስበትን ቀን እያንዳንዱ ለብቻው ያሰላል። ማብቂያው ከታወቀ ግን እስከዚያ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው መሥራት ይችላሉ።

6. ክርክር ሲነሳ ከመተኮሳችሁ በፊት

እንበል ጠዋት ገብታችሁ ስታዩ ጎረቤታችሁ ከመስመሩ ወዲህ ከተማ ሠርቷል። መጀመሪያ ስክሪንሾት ውሰዱ፣ የተራው ቁጥር እንዲታይ አድርጋችሁ። ከዚያ በአደባባይ ቻት ላይ አትጩኹ። ሰው ፊት የተሰደበ ተጫዋች የተሳሳተ እንኳ ቢሆን ወደኋላ አይልም፤ ሌሎቹም ሁለታችሁ እንደተጣላችሁ ሲያውቁ ጦራቸውን ከናንተ ድንበር ላይ አያነሡም። በግል ጻፉለት፣ ጥያቄ አድርጋችሁ፦ «ተራ 64 ላይ የሠራኸው ከተማ ከሐይቁ በምሥራቅ ነው፤ ስክሪንሾቱ ይኸው። አስበህበት ነው ወይስ መስመሩ ተምታታብህ?»

መልሱ ሲመጣ ሁለት ነገር ለዩ። ስህተት ከሆነ ካሣ ይጠየቃል። ሆን ብሎ ከሆነ የፈለገውን ነገር ማወቅ ይሻላል። አንዳንዴ የሚፈልገው መሬቱን ሳይሆን እዚያ ያለውን ብረት ወይም ፈረስ ነው፤ እሱን ደግሞ በንግድ መስኮት መሸጥ ትችላላችሁ። ከተማውን ራሱን በንግድ ማስተላለፍም ይቻላል፤ በወርቅ ወይም በሌላ ድንበር ላይ በሚደረግ ልዋጭ።

ራይዝ ኤንድ ፎል የተባለው የሲቪላይዜሽን 6 የ2018 ማስፋፊያ ካለ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። የከተማ ነዋሪ እስከ 9 ሄክስ ድረስ የታማኝነት ግፊት ያሳድራል፤ ርቀቱ ሲጨምር ግፊቱ ይቀንሳል። የናንተ ትልልቅ ከተሞች መሃል የተተከለች ትንሽ ከተማ ያለ አንድ ጥይት አምፃ ነፃ ከተማ ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ያለ ጎረቤት ላይ ጦር ከመላክ ገዥ መድባችሁ ጥቂት መታገስ ያዋጣል። ቀነ ገደብ ከሰጣችሁ ግን የምትፈጽሙትን ብቻ ስጡ። ባዶ ማስፈራሪያ አንዴ ከተነቃበት ቀጥሎ የምትሉትን የሚሰማ የለም።

ሁሉም ነገር በተንኮል እንደማይፈጠርም አስታውሱ። በጥር 2014 እ.ኤ.አ. ኢቭ ኦንላይን በተባለው የጠፈር ጌም ላይ ቢ-አር5አር-ቢ በተባለ የኮከብ ሥርዓት የተነሳው ታላቅ ጦርነት የተቀጣጠለው የሉዓላዊነት ክፍያ በወቅቱ ስላልተከፈለ ነበር። ቦታው ለአፍታ ባለቤት አልባ ሆነ፣ ተቀናቃኞቹ ዘለው ገቡ። ወደ 21 ሰዓት ገደማ ከተዋጉ በኋላ 75 ታይታን የሚባሉ ግዙፍ መርከቦች ወደሙ። በናንተም ጨዋታ በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ ወይም ውል ካለ ለማስታወሻ አላርም ሙሉ።

7. ወሬ ይዞ የሚመጣውን ሦስተኛ ሰው

ድንበር ላይ ሰላም ካለ የሚከፋው ሰው አለ። «ቱርክ ሊወጋህ ነው፣ ነግሮኛል» የሚል መልእክት ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይሄ ነው፦ እኔና ቱርክ ብንጣላ ይሄ ሰው ምን ያተርፋል? ቀጥሎ ዝርዝር ጠይቁት። በየትኛው ጦር? በየትኛው ተራ? ወደ የት? ወሬኛ ዝርዝር የለውም፤ እውነት የያዘ ሰው ትዕዛዙን በስም ይናገራል። ዝርዝር ከሰጣችሁ እንኳ አስቀድማችሁ አትምቱ። ወሬው ውሸት ቢሆንም የማያስከስራችሁን መከላከያ ምረጡ፦ ከኋላ ያለውን ጦር አንድ ሄክስ ማቅረብ፣ ግንብ መጀመር። ያ ይበቃል።

ሽምግልና ካስፈለገ ከሁለታችሁም ጋር ድንበር የማይጋራ፣ ግን በናንተ ሰላም የሚጠቀም ሰው ፈልጉ። ከሁለታችሁም ጋር የሚነግድ ተጫዋች ለዚህ ተመራጭ ነው፤ ብትጣሉ ገበያው ይዘጋበታል።

8. ውሉን ራሳችሁ ማፍረስ ካለባችሁ

ይመጣል። ዲፕሎማሲ ላይ ከ34 የአቅርቦት ማዕከሎች (ጦር የሚያስገኙ ቦታዎች) 18ቱን የያዘ ያሸንፋል፤ ሁሉንም ውል አክብሮ እዚያ መድረስ ከባድ ነው። በአንድ ምሽት በሚያልቅ ጨዋታ ላይ ክህደት የሕጉ አካል ነው፣ ማንም አይቀየምም፣ ወይም መቀየም የለበትም። ግን ለአንድ ማዕከል ብላችሁ አትክዱ። አንድ ወስዳችሁ ሙሉ ኃይሉ የቀረ ጠላት ትገዛላችሁ። ክህደት የሚያዋጣው ሰውየው መልሶ መምታት የማይችል ሲሆን ነው።

ለወራት በሚቆይ ሰርቨር ላይ ሒሳቡ ሌላ ነው። እዚያ ስማችሁ ከከተሞቻችሁ በላይ ዋጋ አለው። በውሉ መሠረት ማስጠንቀቂያውን ስጡ፣ 5 ተራ ካላችሁ 5 ተራ ጠብቁ። ድንገተኛ ጥቃት የሚሰጣችሁን ጥቅም ታጣላችሁ፣ እውነት ነው። በምትኩ ቀሪዎቹ ጎረቤቶች «ይሄ ሰው ሲወጣ ተናግሮ ነው የሚወጣ» ብለው የናንተን ድንበር ባዶ መተው ይቀጥላሉ።

9. ጦርነቱ ሲያልቅ

ስትጀምሩ የምትፈልጉትን ለተቃዋሚያችሁ ንገሩት፦ «መተላለፊያውንና ሁለቱን ከተሞች፣ ከዚያ አቆማለሁ።» ሊጠፋ እንደማይችል ያወቀ ሰው ቶሎ ይታረቃል። ሊጠፋ ነው ብሎ ያመነ ሰው ያለውን ሁሉ ለሌላ ጠላታችሁ አስረክቦ ይሞታል፣ ይሄን ደግሞ ደጋግማችሁ ታያላችሁ።

ያሰባችሁትን ስትይዙ ቁሙ። ስቴላሪስ ላይ ጦርነቱ ባለበት ይቁም ተብሎ ሲያልቅ እያንዳንዱ የጠየቀውንና በእጁ የያዘውን ሥርዓት ያስቀራል፣ ከዚያ የ10 ዓመት ዕርቅ ይጀምራል። ሲቪላይዜሽን 6 ላይ በመደበኛ ፍጥነት ዕርቁ 10 ተራ ነው። አጭር ነው። ስለዚህ ዕርቁ በተፈረመ በዚያው ተራ አዲሱን መስመር ጻፉ፣ አዲስ ስክሪንሾት አያይዙ። የድሮውን ውል አትገልብጡ፣ ጠባቦቹ ቦታዎች ተቀይረዋል። ከተሸነፈው ጎን አንድ የሚፈልገውን ነገር መልሱለት፣ ለናንተ ብዙ የማይጠቅም የዳር ከተማም ቢሆን። ዕርቁ የሚያልቅበትን ተራ ቁጥር መዝግቡና ከዚያ 3 ተራ ቀደም ብላችሁ ስለ ማራዘሚያው ራሳችሁ ጻፉለት።